ሞላው የማን ልክ ነበር

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። አንድ አስተማሪ አሮጌ የተራራ ብስክሌት እየገፋ ብስክሌት መጠገኛው በር ላይ ሲቆም ግን ይህን ማን ልብ አለ?

ብስክሌት ጠጋኟ የመጠገኛው ባለቤት ልጅ ናት። ሰፈሩ በብረት መንከሻው ስም «ሞርሳ» ይላታል፤ የያዘችውን ሳትጨርስ አትለቅማ!

የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ በሁለት እጇ ተጫነችው። ወረደና እዚያው ቀረ።

«ይሄማ ሞቷል» አለችው።

«አንቺ ካላስነሳሽው ማን ያስነሳዋል?»

«ምላስህስ ደህና ነው። እሱ ጥገና አይፈልግም።»

ሳቀ። ምን ዋጋ አለው፣ ሳቁን ወደደችው።

ሹካውን ስትፈታው ውስጡ ያሉት ሞላዎች በዝገት ተበልተዋል። ዘይቱን የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች፣ ጎሚኒዎቹ፣ እንደ ደረቅ ብስኩት ይፈረካከሳሉ። እንዲህ ያለ ዕቃ ዛሬ ከየት ይገኛል? ጎሚኒውን ራሷ ከአሮጌ ጎማ ቆርጣ አወጣች፤ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች፤ ሞላ ፍለጋ የተጣለ ብስክሌት ሁሉ በረበረች። ለሌላ ደንበኛ ቢሆን «አይሠራም» ብላ ትመልሰው ነበር።

እሱም ከትምህርት ቤት ሲወጣ ይመጣል። ሳጥን ላይ ተቀምጦ ቁልፍ ያቀብላታል፤ ያያታል። ስትቆም ያያታል፣ ስታጎነብስ ያያታል፣ ከእግሯ እስከ ራሷ። ቀና ስትል ዓይኑን ይሰብራል።

«ምን ታያለህ?»

«ምንም። እጅሽን።»

ኧረ እጇስ እዚህ ታች ነው!

ያን ሰሞን አክስቷ አንድ ደህና ሰው አምጥታላት ነበር፤ ረጋ ያለ፣ ቤት ያለው የመጋዘን ኃላፊ። «ተይው አክስቴ፣ ሰው አለኝ» አለቻት፣ አፏን ሞልታ። አባቷ ከጓዳው መጋረጃ ወዲያ ሆኖ ሰማ።

ሞላ የሚመረጥበት ቀን ደረሰ። ሞላ የሚመረጠው በነጂው ክብደት ነው፤ የጠነከረው ቀላሉን ሰው ያነጥረዋል፣ የላላው ከከባዱ ጋር ይሰምጣል።

«በል፣ ስንት ኪሎ ነህ? በዓይኔ ገምቼሃለሁ፤ ካፍህ ልስማው ብዬ ነው።»

«ለእኔ እኮ አይደለም» አለ። «ለእጮኛዬ ነው። የልጅነቷ ብስክሌት ነበር። ለሰርጋችን ላስደስታት ብዬ ነው።»

ሞላው ከእጇ አምልጦ ጠረጴዛው ስር ተንከባለለ። ጎንበስ አለች፤ ፊቷን እንዳያይ።

«እሷስ ስንት ኪሎ ናት?»

«ብጠይቃት ትነቃብኛለች። ስገምት የነበረው በአንቺ ነው። ቁመቷም ክብደቷም ቁርጥ አንቺን።»

ክው አለች። ለካ ያ ሁሉ ማየት ለልክ ኖሯል! ልብስ ሰፊ እንኳ ሰው ሲለካ ሜትር ይይዛል።

የጠነከረውን ሞላ ብትገጥምለትስ? አልዋሽላትም፣ አስባው ነበር። እጇ ግን እምቢ አለ። ለራሷ ክብደት የሚስማማውን መርጣ ገጠመች፤ ዘይቱን ሞላች፤ ልትሞክረው ወጣችበት። ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ስትወርድ ሹካው ቀስ ብሎ ዝቅ አለና መልሶ አነሳት። እንዲህ የተመቻት ብስክሌት ነድታ አታውቅም። እንባዋን በመንገድ ላይ ጨርሳ ተመለሰች።

አስተማሪው በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። ዛሬ ዓይኑን አልሰበረም።

«ልክ ነው?» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«ልክ ነው። ውሰደው።»

«እኔ እኮ...»

«ትዳርህን ይባርከው» አለችና መሪውን አስጨበጠችው።

አባቷ መጋረጃውን ገልጦ ሲወጣ አስተማሪው መታጠፊያው ላይ ደርሷል።

«ለአክስትሽ ‹ሰው አለኝ› ያልሻት እሱን ነበር?»

እጇን በጨርቅ ትፈትጋለች፤ ግራሶው አልለቅ ብሏታል።

«ይመለስ ይሆን ልጄ?»

«በደንብ ነው የሠራሁለት አባዬ። አይመለስም።»