ሰሌዳው ላይ የቀረው ቁጥር

ሎቲ ሃርግሮቭ የተገኘችው ከእንጨቱ መተላለፊያ ሥር፣ ጥርት ባለው የምንጭ ውሃ ውስጥ በግንባሯ ተደፍታ ነው። ያገኛት ጠዋት በሩን ሊከፍት የመጣው የፓርኩ ጠባቂ ታልማጅ ነበር። ማጅራቷ ላይ የመቅዘፊያ ምት አለ፤ መቅዘፊያውም እዚያው ፓርክ ታንኳ ከምታከራየው ከዶሬታ ታንኳዎች የአንዱ ነው።

መርማሪ ኦርፋ ፔቲግሩ ስትደርስ ታልማጅ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት።

«ምን ምርመራ ያሻዋል፣ ሚስ ኦርፋ? ትናንት ሎቲና ዶሬታ ሲጨቃጨቁ ፍሎሪዳ ሙሉ ሰምቷል። አለቃሽም ዶሬታን እስከ ማታ አምጧት ብሏል።»

«ፍሎሪዳ ሙሉ ከሰማ አንተን ምን ልጠይቅህ? ይልቅ ሎቲ መቼ ነው የሞተችው?»

«ከነጋ በኋላ ነዋ! ቆጥራ፣ ሰሌዳው ላይ ከጻፈች በኋላ።»

በሩ አጠገብ ያለው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ «የዛሬ ጠዋት ማናቲ፦ 287» ይላል። ሎቲ ሃያ ክረምት ሙሉ ጎህ ሲቀድ በታንኳ ትወጣና፣ ከወንዙ ብርድ ሸሽተው ለብ ወዳለው ምንጭ የሚገቡትን እነዚያን ግዙፍ የውሃ እንስሳት ትቆጥር ነበር። ሐኪሙ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ የቆየ አስከሬን ሰዓቱን አይናገርም ብሎ አፉን ዘጋ። የተናገረው ሰሌዳው ብቻ ነው።

ኦርፋ ከሎቲ የዝናብ ልብስ ኪስ እርጥብ ደብዳቤ አወጣች። አንድ የውሃ ኩባንያ ምንጩን በፓምፕ ቢስብ ማናቲዎቹን አይጎዳም የሚል የምስክርነት ቃል ነው፤ በነጋታው በከተማው ስብሰባ ላይ ሊነበብ የተዘጋጀ። ከሥሩ ዌንደል ክሬይ ፈርሞበታል።

ክው አለች። ዌንደል ሃያውን ክረምት ከሎቲ ጋር በአንድ ታንኳ የቀዘፈ ሰው ነው። ኦርፋንም በሰባት ዓመቷ፣ እዚሁ መተላለፊያ ላይ በትከሻው ተሸክሞ «ጀርባውን ተዪው ልጄ፣ አፍንጫውን ቁጠሪ፤ ለመተንፈስ የሚወጣው እሱ ነው» ብሎ ያስተማራት እሱ ነው። አባቷ ጥሎ በሄደ ዓመት ነበር።

ደወለችለት። በስተሰሜን የጥቂት ሰዓት መንገድ በምትርቀው ጆርጂያ፣ እህቱ ቤት ነው። ማታ ገብቶ አድሯል፤ ጎህ ሲቀድም በቤተ ክርስቲያን ቁርስ ላይ አርባ ሰው አይቶታል።

«ሎቲ?» አለና ድምፁ ተሰበረ። «ስንቴ ነገርኳት! በእንዲህ ያለ ውርጭ ብቻሽን አትውጪ ብዬ ስንቴ ለመንኳት፣ ልጄ!»

ኦርፋ እፎይ አለች። ለመርማሪ የማይገባ እፎይታ መሆኑን ታውቃለች፤ ግን እፎይ አለች።

ዶሬታን ያገኘቻት የኦቾሎኒ ቅቅሏን ስታማስል ነው። እጅጌ የሌለው ሸሚዝ ለብሳ፣ ክንዷ ላይ ያረፈችውን ትንኝ በጥፊ ትመታለች።

«አዎ፣ ተጨቃጭቀናል! ታንኳዎችሽ እንስሶቹን ይረብሻሉ ትለኛለች፣ እኔም አሮጊት ጉጉት እላታለሁ። ግን በየጠዋቱ ትኩስ ኦቾሎኒ የማስቀምጥላት ማን ሆነና ነው? ያውልሽ፣ ዛሬም አስቀምጬላት ነበር።» መደርደሪያው ላይ የቀዘቀዘች የወረቀት ከረጢት ቁጭ ብላለች። ዶሬታ ወደ እሷ ላለማየት ፊቷን አዞረች።

«ስትመጪ ውሃው ላይ ምን አየሽ?»

«ምን አያለሁ? ውርጭ መጣላችሁ ብለው በቴሌቪዥን ሲያስፈራሩን አምሽተው፣ ይኸው በላብ ተጠመቅን!»

በዚህ መሃል ከአንድ ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሠላሳ ተማሪዎች ይዛ የወረደች አስተማሪ እየተቆጣች መጣች።

«ሰሌዳችሁ ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት ይላል፤ ልጆቼ ያዩት ዘጠኝ ነው! አንዱም ጉቶ ሳይሆን አይቀርም!»

ኦርፋ ወደ መተላለፊያው ተመልሳ አፍንጫዎቹን ቆጠረች። ስምንት ናቸው፤ ዘጠነኛው እውነትም ጉቶ ነው። ከዚያ ሰሌዳውን ረጅም ጊዜ አየችው። ቅድም ያገኘችው እፎይታ ሙልጭ ብሎ ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ ዌንደል ወፍራም የሱፍ ካፖርቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ደረሰ። ኦርፋ ሦስቱንም ሰሌዳው ፊት አቆመቻቸው።

«ማናቲ ወደ ምንጩ የሚጎርፈው ወንዙ ሲቀዘቅዝ ነው። ታልማጅ፣ በሩን ስትከፍት ስንት ነበሩ?»

«አሥር ቢሞሉ ነው። ተቆጥረው የወጡ መስሎኝ . . .»

«በሙቀት አልገቡም፤ ካልገቡ አይወጡም። ሎቲ ደግሞ ያላየችውን አትጽፍም። ይህን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ትናንት ፓርኩ ሲዘጋ ገድሏት፣ ውርጭ ይመጣል መባሉን አምኖ በግምት ጻፈ። እስከ ንጋት በሕይወት የነበረች እንዲመስል።»

«ያው እኔን ልትዪ ነው!» አለች ዶሬታ።

«አንቺ አይደለሽም። አንቺም ታልማጅም ዛሬ ጠዋት በዚህ ሰሌዳ አጠገብ በሸሚዝ አልፋችኋል። ውሸቱ የእናንተ ቢሆን ኖሮ ሙቀቱን እንዳያችሁ ሮጣችሁ ታጠፉት ነበር። ያላጠፋው ሩቅ የነበረው ነው። ውርጭ ያለበት አገር ነቅቶ፣ እዚህም እንደዚያው የመሰለው፤ በስልክም ‹በእንዲህ ያለ ውርጭ› ያለኝ።»

ደብዳቤውን ዘረጋችለት። ዌንደል አላነበበውም።

«ለምን ፈረምክ?»

«ሃያ ዓመት ስቆጥር ማን አመሰገነኝ? እነሱ አማካሪያችን አሉኝ፣ ልጄ።» ካፖርቱን ወደ ሌላው ክንዱ አዛወረ። «ነገ ሰሌዳው ላይ በቁጥሩ ፈንታ ያንተን ስም እጽፋለሁ አለችኝ። ከተማው ሁሉ እንዲያነበው። እጄ ላይ መቅዘፊያ ነበር።» ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። «ብርዱ ከዳኝ።»

«ብርዱ አርፍዶ ነው። የከዳኸንስ አንተ ነህ። ሎቲ ጀርባዋን ሰጥታህ የቆመችው ስላመነችህ ነው። እኔም ስልኩን ስዘጋ እግዚአብሔርን አመስግኜ ነበር፤ ገዳዩ አንተ ስላልሆንክ።»

ሲወስዱት የሰሜን ነፋስ ተነሳ። ዶሬታ ሹራብ ፍለጋ ሮጠች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ፣ ከምንጩ እንፋሎት ይነሳ ነበር። ኦርፋ በሎቲ ታንኳ ብቻዋን ወጣች። ማናቲዎቹ ከዳር እስከ ዳር ሞልተውታል። እያለቀሰች አፍንጫ በአፍንጫ ቆጠረቻቸው፤ ሌላ አቆጣጠር ያስተማራት ሰው አልነበረም።