ልጆቹ ፈ ላይ እስኪደርሱ

ቅዳሜ ጥር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ሰርፀ ለሌላ ሴት በወረቀት ላይ ቀለበት ሲያስር አየሁ።

አሜሪካ፣ ሰንራይዝ ማነር ሰፈር ባለው አፓርታማችን የጋራ ክፍል ውስጥ አስራ አንድ የሐበሻ ልጆች በየቅዳሜው አማርኛ ማንበብ ይማሩ ነበር። ሰርፀ ከካዚኖ የሌሊት ሺፍቱ ወጥቶ፣ ሳይተኛ ይመጣል። በየሳምንቱ አንድ የፊደል ረድፍ፣ ለረድፉም አንዲት ቀጭን የታሪክ መጽሐፍ። እሱ ይጽፋል፣ ስሜነሽ ታስነብባለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ እስኪልክ የጠበቅኩት እኔ ወንበር እደረድራለሁ።

የዕለቱ ፊደል ነ ነበር። ልጆቹ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፦ «ስሜነሽ ቀሚስ ለበሰች። ስሜነሽ ቀለበት ተቀበለች።»

ስሜነሽ አፏን ሸፍና ሳቀች። እሱም ሳቀ።

መኪናው ጋ ያዝኩት።

«ቀለበቱን ማን ሰጣት?»

«ለማን?»

«ለስሜነሽ ነዋ!»

«ፋንዬ፣ በወረቀት ትቀኛለሽ እንዴ?»

«አስራ አራት መጽሐፍ ጽፈህ አንዱም ውስጥ የለሁም።»

«ፈን መቼ ተማሩ? ያልተማሩትን ፊደል ካስገባሁባቸው ማንበብ ትተው መገመት ይጀምራሉ። እኔስ የታለሁ? ፀ እና ፈ ጎረቤት ናቸው። ግንቦት ላይ አብረን እንገባለን።»

«እስከዚያ እሷ ትሞሸር!» ብዬው ሄድኩ።

ሦስት ሳምንት አኮረፍኩት። ይደውላል፣ አላነሳም። በአራተኛው ቅዳሜ ወንበር ልደረድር ተመለስኩ፤ እሱ ናፍቆኝ ብቻ ሳይሆን እሷንም በዓይኔ ልከታተል።

መጋቢት 24 ከሥራ ሲመለስ መኪና ገጨው። እዚያው አረፈ።

ለቅሶው ላይ እንኳ፣ ስሜነሽ ከእኔ በላይ ስታለቅስ ቀናሁባት።

በአርባው ማግስት ቤቴ መጣች። ቦርሳዋን ከፍታ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አወጣች።

«ያንቺ ናት። ያኔ ጥር ላይ ነው የጻፋት። ‹ተራዋ ሳይደርስ እንዳታሳዪያት› ብሎ እኔ ጋ አስቀመጣት።»

«ለምን አንቺ ጋ?»

«እሱ ጋ ብትሆን አያስችለውም ነበራ!»

ገለጥኳት። «ሰርፀ ፋናን አገባ» ትላለች። ከስር የሳላት ሙሽራ ቬሎ ለብሳ ወንበር ተሸክማለች።

ስሜነሽ ስትወጣ በሩ ላይ አቅፌ ያዝኳት።

ልጆቹ ፈ ላይ የደረሱት ግንቦት 24 ነው። ያስነበብኳቸው እኔ ነኝ፤ አስራ አንዱም ሳይደናቀፉ አነበቧት። ያን ቀን ወንበር የደረደረችው ስሜነሽ ናት።