ረይሀና ያልተናገረችው ቃል

ኢንስፔክተር ዓለምጸሃይ ፒያሳ፣ ከውቤ በረሃ ከፍ ብሎ ካለው አሮጌ የእንጨት ፎቅ ስትደርስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል። የሃምሳ ስምንት ዓመቷ ልብስ ሰፊ ረይሀና በጓሮው ድንጋይ ላይ ተንጋላለች። ከላይኛው ሰገነት የተገነጠለው መከታ ከአጠገቧ ተሰባብሮ ወድቋል።

ገና ከሬሳው አጠገብ ሳትነሳ ስልኳ ጠራ። አለቃዋ ኮማንደር ዘገዬ ነበር።

«ለልጇ የላከችውን መልእክት አነበብሽው አይደል? ራሷን ነው ያጠፋችው። ነገ ፋይሉን ዘግተሽ አምጪው።»

«ሬሳው እንኳ አልተነሳም፣ ጌታዬ።»

«ጠረጴዛሽ ላይ ስንት ፋይል ተከምሯል? ነገ!» ብሎ ዘጋባት።

ዓለምጸሃይ ጥርሷን ነከሰች። በዚህ ወር ብቻ ሦስተኛ ጊዜው ነው እንዲህ ሲጣደፍባት።

ከጣሪያው ጠርዝ ስር አራት ሰዎች ቆመዋል። የሟቿ ልጅ ዙህራ፣ የሃያ ስድስት ዓመት መምህርት፣ ሂጃቧ ከራሷ ጋር ተጣብቋል፤ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። በግቢው በር ላይ ሰዓት የሚጠግኑት ጋሽ ኢስሃቅ ካፖርታቸውን ይጨምቃሉ። ዙህራ ደውላ የጠራቻት የሥነ ልቦና አማካሪ፣ ማኅሌት፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነክቷታል። የሟቿ ታናሽ እህት ሳሊሀ ደግሞ ጥቁር ጫማዋ ላይ አቧራ እንደ ዱቄት ተነስንሶ፣ በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ታናፍሳለች።

መልእክቱ የተላከው ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ዙህራ ስልኩን ሰጠቻት። እንዲህ ይላል፦ «ሕይወት ትርጉም የለውም ብዬ አስባለሁ። ከዕለት ተዕለት ተግባሬ ደስታ አላገኝም። ይቅር በይኝ።»

«እናትሽ እንዲህ ትጽፍልሽ ነበር?»

«እማ ቁርኣን ነው የቀራችው፤ ፊደሉን እምብዛም አትለይም። በድምፅ ነበር የምትልክልኝ። ዛሬ ግን በጽሑፍ ነው የመጣልኝ» አለች ዙህራ።

ሳሊሀ ጣልቃ ገባች። «ይቺን ጠይቂያት!» ጣቷን ወደ ማኅሌት ቀሰረች። «ይቺ ጴንጤ ቤታችን መመላለስ ከጀመረች ወዲህ ነው እህቴ ነገር የገባት። እቴቴ ክሊኒክ የሚባል ደጅ ረግጣ አታውቅም ነበር!»

«አንቺ ከየት ነው የመጣሽው?» አለቻት ዓለምጸሃይ።

«ከቤቴ፣ ከአትክልት ተራ። ዙህራ ስትደውልልኝ በእግሬ ሮጥኩ። ጃንጥላ ፍለጋ ማን ይቆማል?»

ኢንስፔክተሯ ጋሽ ኢስሃቅን ወደ ሱቃቸው ወሰደቻቸው። የግቢው በር አንድ ነው፤ የሚገባም የሚወጣም ከአፍንጫቸው ስር ነው የሚያልፈው።

«የቀትሩን ሶላት ለመስገድ መስጊድ ሄጄ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ስመለስ ዝናቡ ጀመረ፤ ስምንት ሰዓት ግድም። ከዚያ ወዲህ፣ ዙህራ ገብታ ጓሮ ሆና እስክትጮህ ድረስ፣ ከሷ በቀር ድመት እንኳ አላለፈም። ስትጮህ ግን ሱቁንም በሩንም ጥዬ ሮጥኩ።»

«ከሟቿ ጋር በቤቱ ጉዳይ ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«እንጣላለን እንጂ! ያ መከታ በስብሷል፣ አሠሪው ስላት ዓመት ሞላኝ። አልሰማ አለችኝ። ምን ላድርግ፣ ልጄ፣ ሰው እንደ ሰዓት አይፈታ።»

ላይ፣ በረይሀና ክፍል፣ በስፌት መኪናው ላይ ግማሽ የተሰፋ ቀሚስ ተዘርግቷል። ክሩ መርፌው ውስጥ ነው። ከመኪናው መሳቢያ ዓለምጸሃይ የአንድ ክሊኒክ ካርድ አገኘች፤ የተጻፈበት ቀን ከስድስት ወር በፊት ነው። ክሊኒክ ረግጣ የማታውቅ ሴት ካርድ!

ማኅሌትን ጠራቻት።

«ምን ነበር የምትነግርሽ?»

«እሱን አልነግርዎትም።»

«ሰው ሞቷል፣ እህቴ!»

«አውቃለሁ። ምስጢሩ ግን የሷ ብቻ አይደለም፤ በሕይወት ያለ ሰው ይነካል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያምጡልኝ።»

ዓለምጸሃይ ወንበሩን ገፍታ ተነሳች። አለቃዋ ይቸኩላል፣ ቤተሰቡ ይሸፍናል፣ የምታውቀዋ ደግሞ አፏን ዘግታለች። ለሟች የሚቆረቆር የጠፋበት አገር!

«እሺ፣ ምስጢሩን ተይው። እንዴት ነበር የምታክሚያት?»

ማኅሌት ትንሽ አሰበች። «መጀመሪያ ሌላ ክሊኒክ ወስደዋት ነበር። እዚያ መጠይቅ ተነበበላት። ለሁሉም ‹አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ› ብላ ወጣች። ምን ትበል? ጌታዋን ማማረር ነው የሚመስላት። እኔ ግን እዚሁ መጥቼ፣ እየሰፋች አጠገቧ እቀመጥ ነበር። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። ‹ምንሽን ነው የሚያምሽ?› አልኳት። ‹ራሴን ያቃጥለኛል፤ ሆዴ ውስጥ የተቋጠረ ነገር አለ› አለችኝ። ‹ማን ቋጠረው?› ስላት መርፌዋን አስቀምጣ አንድ ሰዓት ሙሉ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ዱዓዋን እያደረገች፣ ያገሯን የወሎን እንጉርጉሮ እያንጎራጎረች፣ በራሷ ቃል ቀስ በቀስ ፈታችው። እንቅልፍ ወሰዳት። ራሴን አቃጠለኝ ማለቷን ተወች። ይህች ሴት ልትሞት አልነበረም፣ ኢንስፔክተር።»

«መጠይቁን ማን አነበበላት?»

«እሱን አልነገረችኝም።»

በማግሥቱ ጠዋት ዓለምጸሃይ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወርዳ ክሊኒኩ ገባች። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ደብዳቤ ከሌለ አይሆንም ብላ አንድ ሰዓት አቆመቻት፤ ደብዳቤው ሲመጣ ማኅተሙ አልደመቀም ብላ ሌላ ግማሽ ሰዓት ጨመረችላት። በመጨረሻ መጠይቁ ተገኘ። ሦስተኛውና ስድስተኛው መስመር ላይ ዓይኗ ተተከለ፦ «ሕይወት ትርጉም የለውም ብዬ አስባለሁ።» «ከዕለት ተዕለት ተግባሬ ደስታ አላገኝም።» በሁለቱም አንጻር «በፍጹም» የሚለው ላይ ምልክት ተደርጓል። ግርጌው ላይ የታማሚዋ አጃቢ ስም የለም፤ ስልክ ብቻ ሰፍሯል።

ቁጥሩን ገልብጣ ያዘችና ኮማንደሩ ጋ ደወለች። «ፋይሉን ከሰዓት አመጣለሁ» አለችው። ሲያጉረመርም ዘጋችበት፤ በዚያ ቀን ያገኘቻት ብቸኛ ደስታ ነበረች።

ሰባት ሰዓት ላይ አራቱን በረይሀና ክፍል ሰበሰበቻቸው። ቀብሩ ስላለ ሁሉም ተቆጥተዋል።

«አላቆያችሁም» አለች። «ረይሀና አልጻፈችም፤ መጻፍ አትችልምና። ብታጽፍስ? ቃሉ የሷ አይደለም። ይህች ሴት ሲከፋት ራሴን አቃጠለኝ፣ ሆዴ ተቋጠረ ነበር የምትለው። መልእክቱ ላይ ያሉት ቃላት የመጠይቅ ቃላት ናቸው፤ ከስድስት ወር በፊት አንድ ክሊኒክ ውስጥ የተነበቡላት። እንግዲህ ከወደቀች በኋላ መልእክቱን በስልኳ የጻፈው ሰው መጠይቁን ያውቀዋል። ተጨንቆ ሲቸኩል የጭንቀት ቃል ብሎ ያስታወሰው እሱን ብቻ ነው።»

«እኔ ያኔ ደብረ ብርሃን ነበር የማስተምረው» አለች ዙህራ ግራ ተጋብታ።

«ትምህርት ቤትሽ ደውዬ አረጋግጫለሁ። ማኅሌትም ያኔ አታውቃትም ነበር። ቀጥሎ በሩ። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ከዙህራ በቀር ማንም አልገባም አልወጣም፤ ስለዚህ ገዳዩ ጋሽ ኢስሃቅ መስጊድ ሳሉ ነው የገባው። ረይሀና ስትወድቅ እዚሁ ፎቅ ላይ ነበር፤ ጩኸቱ ሲነሳም ከሰው መሀል ተቀላቀለ።»

«እርሳቸውስ?» አለች ሳሊሀ ወደ ጋሽ ኢስሃቅ እያየች።

«እርሳቸው ካፖርታቸውን ይጨምቁ ነበር። ዙህራም በስብሳለች፤ ማኅሌት ጭቃ ለብሳለች። አንቺ ግን ከአትክልት ተራ ድረስ ያለ ጃንጥላ ሮጠሽ፣ ጫማሽ ላይ አቧራ ነበር።»

ዓለምጸሃይ ስልኳን አውጥታ ከመጠይቁ የቀዳችውን ቁጥር ደወለች። የሳሊሀ ቦርሳ ውስጥ ስልክ ጠራ።

ሳሊሀ አላነሳችውም። ጥሪው አልቆ እስኪቆም ድረስ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ ቆየች።

«ክሊኒክም የወሰድኳት ስለምወዳት ነበር» አለች በመጨረሻ። «ኪኒን ሰጥተው ያረጋጉልኛል ብዬ። ትናንት ደውላ ጠራችኝ። ዓርብ ለዙህራ ልነግራት ነው፣ ፍቃድሽን ስጪኝ አለችኝ። ባሌ አያውቅም፣ ልጆቼ አያውቁም። ተይ፣ እቴቴ፣ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅኩ። ‹ሃያ ስድስት ዓመት አቃጠለኝ፣ ከእንግዲህ አልችልም› አለች። ገፋኋት። መከታው . . . መከታው እንደዚያ መበስበሱን አላወቅኩም።»

«እማ ምን ልትነግረኝ ነበር?» አለች ዙህራ።

ዓለምጸሃይ ገምታዋለች፤ ግን ወደ ሳሊሀ ዞረች። ይህን የመናገር መብት የፖሊስ አይደለም።

ሳሊሀ ቀና ሳትል ተናገረች። «አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሳላገባ ነው የወለድኩሽ። እሷ ናት ወስዳ በስሟ ያሳደገችሽ።»

ማኅሌት ግድግዳውን ተደግፋ ነበር፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «ሳሊሀን ሳትጠይቂ አትንገሪያት ያልኳት እኔ ነኝ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ዓለምጸሃይ ጥፋትሽ አይደለም ብትላት እውነት ነው፤ ግን ምን ይረባል?

ሳሊሀን ይዘዋት ሲወርዱ ደረጃው ይንቋቋ ነበር። ኮማንደሩ ሦስት ጊዜ ደውሏል። ዓለምጸሃይ አላነሳችም። ፋይሉ ተዘግቷል፤ እሷ ግን የተዘጋ ነገር አልታያትም። ረይሀና ቀስ ብላ፣ በለዘበ ቃል፣ ቡና አጠገብ ልታወራው ያሰበችው ነገር በፖሊስ ፊት ተዘርግፎ ቀረ።

ወደ ላይ ተመለሰች። ዙህራ ወለሉ ላይ፣ ከስፌት መኪናው ስር ተቀምጣለች፤ ዕንባ የለም። ማኅሌት ጫማዋን አውልቃ ከጎኗ ተቀምጣለች። ጋሽ ኢስሃቅ በር ላይ ቆመው ከንፈራቸው በዱዓ ይንቀሳቀሳል።

«ለቅሶው እንቢ አለኝ» አለች ዙህራ። «ማንን ነው የማለቅሰው? ሰው አሁን ይመጣል። አክስቴን ነው ልበል?»

ማኅሌት ትናንት ተዘርግቶ የቀረውን ቀሚስ ከመኪናው አንስታ እቅፏ ላይ አኖረችላት።

«የወሎ ሰው ሟቹን በምን ስም ይጠራል?»

«በሚጠራው . . . ሲጠራው በኖረው ስም።»

«እንግዲያው ጥሪያት።»

ዙህራ ቀሚሱን ፊቷ ላይ አደረገች። ዓለምጸሃይ ቆባዋን አወለቀች።

«እማ!» አለች ልጅቷ፣ መጀመሪያ በሹክሹክታ። «እማ! እማዬ!» ድምፅዋ እየጎላ ከሰገነቱ አልፎ ሰፈሩን ሞላው፤ ከታች በግቢው በር ለቀስተኛ ሴቶች ተቀበሏት።