ያልነደደው ወረቀት

ይህች ታሪክ ውሸት ከሆነች የሰሜን ተራራው የቡይት ራስ ውርጭ ምላሴን ያድርቀው። እዚያ ሻይ ሲቀዳ ብርጭቆው ውስጥ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይረጋል፤ ሰውም ከሰል አቅፎ ያድራል።

እዚያ ያለው የቱሪስት ሎጅ ባለቤት አቶ ገዱ ማለዳ ክፍላቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ከሰሉ አጠገባቸው አመድ ሆኗል፤ ከጣሪያው ሥር ያለችው መተንፈሻ ቀዳዳ በተከተፈ ጋዜጣ ተጠቅጥቃለች።

ብርድ እንዳያስገባ ጣሪያውን በተከተፈ ጋዜጣ የሞላችው ዘቢደር ናት። በእሷ ምክንያት የኮርኒስ ሥራውን ያጣው አናጺ ፀጋው፣ ወረቀት ይነዳል፣ አይጥ ያረባል፣ ይሻግታል እያለ ከደባርቅ እስከ ዳባት ስሟን ሲያጠፋ ከርሟል።

በዋዜማው ወደ ክፍሉ የገቡት ሦስት ናቸው፤ ዘቢደር ጣሪያውን ልትጨርስ፣ ፀጋው በር ሊያስተካክል፣ መሪጌታ መልከ ጼዴቅ ጸበል ሊረጩ። ኢንስፔክተር ሠርካለም ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ወረቀቷ ወርዶ ቀዳዳውን ደፈነው» አለ ፀጋው። «ስንቴ ተናገርኩ። ጋዜጣ ያው ጋዜጣ ነው።»

«እሰሩኝ» አለች ዘቢደር። «ወረቀቴ ግን አይሰደብም።»

ሠርካለም መሰላል ላይ ወጥታ ከጣሪያው አንድ ጭብጥ አወረደችና ክብሪት ጫረችበት። ጠቆረ፣ ጨሰ፣ ጠፋ።

«ምን አድርገሽበት ነው?»

«ቦራክስ የሚሉት ነጭ ዱቄት አለበት። እሳቱን ያፍነዋል፤ አይጥም አይወደውም። እንዳይሻግትም ዝናብ የሚያስገባውን የቆርቆሮ ቀዳዳ ሁሉ ደፍኛለሁ።»

ሠርካለም ከመተንፈሻው የወጣውን ወረቀት ደግሞ ለኮሰችው። ቦግ ብሎ ጣቷን ሊልስ ደረሰ።

«ይሄ ከጣሪያ አልወረደም» አለች። «ሰው ነው የጠቀጠቀው።»

«እሷስ ዱቄት ያልነካው ወረቀት ታጣለች?» አለ ፀጋው።

መሪጌታ ከተረፈው ላይ አንዲት ቁራጭ አነሱ። ከቀን መቁጠሪያ የተቀደደ የቅዱስ ገብርኤል ክንፍ ነበር።

«ልጄ፣ ይህን እኔ አላሳለፍኩትም። የዘቢደር ወረቀት ሳይከተፍ በእኔ እጅ ያልፋል፤ የቅዱሳን ስምና ሥዕል ያለበትን እለያለሁ።»

ሠርካለም ቁራጩን አራገፈችው። መዳፏ ላይ ሰጋቱራ ፈሰሰ።

«ሰጋቱራ ከማን ሱቅ ይመጣል፣ ፀጋው?»

ፀጋው ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሸሸ።

«ወሬህ ነው የያዘህ። ተራ ጋዜጣ ነው ስትል ስትል ራስህ አመንከው። አንዴ እንኳ ክብሪት ጭረህ ብታይ ኖሮ ወረቀቱን ከራሷ ጣሪያ ሰርቀህ ትጠቀጥቅ ነበር።»

«አቶ ገዱ ከኮርኒሱ ሥራ አባረሩኝ» አለ ፀጋው ወለሉን እያየ። «እየሳቁ አባረሩኝ። እሳቸው እንዲሞቱ፣ እሷ እንድትታሰር ፈለግሁ።»

ሲወስዱት ሠርካለም ወደ ዘቢደር ዞረች። «ነፃ ነሽ።»

«ቀድሞም ነበርኩ» አለች ዘቢደር።

እሺ፣ አንዷን ፈጥሬያለሁ። ሻዩን አይደለም፤ ይህችን የመጨረሻ መልስ ነው። ዘቢደር ትንፍሽ አላለችም። የወረቀት ጆንያዋን ተሸክማ መሰላሉን ወጣችና ሠርካለም ያጎደለችውን አንድ ጭብጥ ሞላች።