ያለፈው ሠላሳ ሰከንድ

«ዳማ፣ ባርኔጣዬን ሳወልቅ ብቻ ነው የምትቀዳው።»

«ገባኝ፣ ቦራ።»

«እስከዚያው ፈረስ አንሣ። ሽባባው ላይ ቶሎ ካነጣጠርክ ይነቃብናል።»

የአለቃው ድምፅ ከጆሮ ማዳመጫው ጠፋ። እንጅባራ ሜዳ ላይ የፈረሰኞቹ በዓል ደምቋል። ከተማው ዳማን የሚያውቀው ይኸነው በሚል የሐሰት ስም፣ በሠርግ ቀራጭነቱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሙሽራ ሲቀርጽ የኖረው ግን ሽባባውን ለመያዝ በድብቅ የተላከ ፖሊስ ስለሆነ ነው። ሽባባው ወጣቶችን በመተማ እያሻገረ የሚሸጥ ደላላ ነው። ከእጁ ያመለጠችው ስሜነሽ ዳንግላ ተደብቃለች፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርባ ትመሰክርበታለች። የተደበቀችበትን ቤት የሚጠቁም ሰው ከራሳቸው ከፖሊሶቹ ውስጥ አለ። ዛሬ አድራሻውን እዚህ ሜዳ ላይ ያቀብላል። ከተሳካለት ስሜነሽ ሰኞን አታይም።

ዳማ አለቃውን አልሰማም። የካሜራ ሰው ልማድ ክፉ ነው፤ ሳይቀዳም ያነጣጥራል። ሽባባውን በካሜራው ዓይን ውስጥ አስገባው።

አንድ ሰው መጥቶ ሽባባውን ትከሻ ለትከሻ ሳመው። በሰላምታው መካከል እጁ የሽባባው ኪስ ገብቶ ወጣ።

ነጭ ወረቀት።

ሰውየው ዞረ።

ቦራ ነበር።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ቦራ ደግሞ አለቃው ብቻ አይደለም፤ አበልጁ ነው፤ ባሕር ዳር ያለችውን ልጁን ሕይወትን ክርስትና ያነሣ ሰው። ባርኔጣው ለካስ የሚወልቀው ነገሩ ካለቀ በኋላ፣ ባዶ ሜዳ እንዲቀዳ ኖሯል።

በዓይኑ ማየቱ ብቻ አይረባም፤ በአለቃ ላይ ማን ያምነዋል? ወገቡ ላይ ግን የዲስክ መቅጃ ታስሯል፤ ከካሜራው ጋር በሽቦ የተያያዘ። ከሳምንት በፊት የሰጠችው የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ መርማሪ ማናለብሽ ናት። «ለቦራም ቢሆን አትንገር» ስትለው ተቀይሟት ነበር። የካሜራው ቁልፍ ባይጫንም መቅጃው ያለፈውን ሠላሳ ሰከንድ ምንጊዜም ይዞ ይጠብቃል። ሲጫን ከሠላሳ ሰከንድ በፊት ካለው ጀምሮ ይጽፋል። ካልተጫነ ይረሳዋል።

ወረቀቱ ኪስ ከገባ አሥራ ስምንት ሰከንድ አልፏል።

ቁልፉን ከተጫነ ካሜራው ፊት ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ቦራ ወደ እሱ እያየ ነው። ባርኔጣው አልወለቀም።

ሃያ አራት።

ሃያ ሰባት።

ተጫነው።

ቦራ ቀዩን መብራት አየ። በፈረሶቹ መካከል እየተጋፋ መጣ። ዳማ ቀረጻውን አቆመ። መቅጃው ግን ጽፎ እስኪጨርስ መንቀል አይቻልም፤ ከተነቀለ ሁሉም ይጠፋል። የመቅጃው ትንሿ መብራት ትርገበገባለች።

«ማን ቅዳ አለህ?»

«እጄ ስቶ ነው።»

«እስቲ አሳየኝ።»

የካሜራው ካርድ የያዘው ቁልፉ ከተጫነ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው፤ ሽባባው ብቻውን ቆሞ ፈረስ ሲያይ። ቦራ ካርዱን አውጥቶ ኪሱ ከተተው። ቦራ ቀለል አለው። ከዚያ ዓይኑ ዳማ ወገብ ላይ ዐረፈ።

«ይህስ?»

«ባትሪ ነው።»

«ባትሪ ይርገበገባል እንዴ?»

«ሲደክም።»

መብራቷ ቆመች።

ቦራ ሳቀ። «እንዳንተው ደክሟል በለኛ! ይልቅ ለክርስትና ልጄ ጫማ ገዝቻለሁ። አሁኑኑ ወደ ባሕር ዳር እየሄድኩ ነው፤ አደርስላታለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አበልጄ።»

አፉን መረረው።

ማናለብሽ ወደ ዳንግላ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቀው ነበር። ዲስኩን በመስኮት አቀበላት።

«ማን ነው?»

«ቦራ።»

«አበልጅህ?»

«ቶሎ ሂጂ፣ ማናለብሽ።»

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ መልእክቷ ገባ። ስሜነሽን ከቤቱ አውጥተዋታል። ሽባባው ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ተይዟል። ቦራም ዳንግላ መግቢያ ላይ ተይዟል፤ መኪናው ሲፈተሽ የተገኘው የልጅ ጫማ ብቻ ነው። «አንተም ከተማውን ለቀህ ውጣ፤ ይኸነው የሚለውን ስም እዚያው ተወው» ይላል መጨረሻው።

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት።

«አበልጅህ ጫማ ይዤ መጣሁ ብለው ደውለው ነበር። ልጅቱ ከአሁኑ በር ላይ ቁማለች፤ ግቢ ብላት እምቢ አለች። የት ደረሱ?»

ስሜነሽ በሕይወት አለች። ይህንን ለራሱ ደጋግሞ ነገረው።

«አይመጣም በያት።»

«ምነው፣ መንገድ ተዘጋ?»

«አይመጣም።»

ሲም ካርዱን ሰብሮ ጣለ። አንድ ፈረሰኛ ከኋላው ተጣራ። «ይኸነው! ኧረ የሠርጌን ፊልም መቼ ነው የምትሰጠኝ?»

ዳማ አልዞረም። ባጃጅ አስቁሞ ገባ፤ ሹፌሩ የት እንደሚሄድ እንጂ ስሙን አልጠየቀውም።