የሲንኩ ጉሮሮ

«ይኸው፣ ጠጣው!» አለች ምኞት፣ ከአያቷ የተረፈውን አጥሚት ሲንኩ ውስጥ እየደፋች።

ሲንኩ ተንጎራጎረና ዋጠው። መቲ ሳቀች። የከሰዓቱ ዝናብ የሆስፒታሉን መታጠቢያ ቤት መስኮት አደብዝዞታል። ወንድሟ ኢፋን ባጃጅ ገጭቶ እግሩ ላይ ብረት ከገባለት ጀምሮ አልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ እየተኛች ስለሆነ፣ ሁሉም ነገር ከውኃ በታች ያለ ይመስላታል። ከሲንኩ ሥር ወደ ሁሉቃ ወንዝ የሚወርድ ረጅም ጨለማ ታያት። እዚያ አንድ ስም የሌለው ነገር አፉን ከፍቶ አጥሚት ይጠብቃል።

ከሲንኩ በላይ «እጅ ለመታጠብ ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ያለው ግቢው ዳር ነው። በዚህ ዝናብ ማን ይሄዳል? የራስን በሽተኛ ሳህን ብቻ ማጠብ ደግሞ በአስታማሚ ዘንድ ነውር ነው። ሁለቱ ልጆች የስምንቱንም አልጋ ዕቃ እዚህ ሲያጥቡ ሰነበቱ። «ተባረኩ» ይባላሉ።

ወደ ክፍሉ ሲመለሱ ከስምንቱ በሽተኞች የአንዱ፣ የኦቦ ጂራ፣ አልጋ ባዶ ነበር። ነርሷ፣ ሲስተር ዶርቃስ፣ መሃል ላይ ቆማለች።

«ኦቦ ጂራን ለብቻቸው አድርገናቸዋል። ቁስላቸው ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ መድኃኒት አልበገረውም። ያው ባክቴሪያ ሲንኩ ማፍሰሻ ውስጥ ተገኝቷል። ምግብ ሲደፋበት ይራባል። ቧንቧው ሲከፈት ደግሞ እየተፈናጠረ እጅና ኩባያ ላይ ያርፋል። ማን ነው የሚደፋበት?»

የጽዳት ሠራተኛዋ አዴ ወርቅቱ መወልወያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አዴ ወርቅቱ ባልዲያቸውን ሲደፉበት አይቻለሁ» አለች ምኞት።

«እኔ? ያ ዋቅ! እኔ የምደፋው ውጭ ነው!»

ሲስተር ዶርቃስ ወደ አዴ ወርቅቱ ዞረች። «ባልዲውና መወልወያው ይመርመር። እርስዎም ቢሮ ይምጡ።»

ሁለቱ ሲወጡ መቲ ምኞትን ወደ ጥግ ሳበቻት።

«ምን ሆነሻል?»

«ዝም በይ ባክሽ። እኔን ከግቢ ቢያስወጡኝ አያቴን ማን ያስታምመዋል?»

«እሳቸውን ከሥራ ቢያባርሯቸውስ?»

«አያባርሯቸውም። አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ!»

ኢፋ ከእንቅልፉ ነቃ። «መቲ፣ ማሎ፣ ውኃ ስጪኝ።»

ኩባያዎቹ መስኮቱ ሥር ተደፍተው ተደርድረዋል። ስምንት ሰማያዊ ኩባያዎች፣ ሁሉም ከሆስፒታሉ በር አጠገብ ካለችው ሱቅ የተገዙ። ጠዋት ሁሉንም አንድ ላይ እዚያው ሲንክ ውስጥ ነው ያጠበቻቸው። የኦቦ ጂራ የትኛው ነበር? አንዱን አነሳች። መልሳ አስቀመጠችው። ሌላ አነሳች። ጠርዙ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ ተንጠልጥላለች፤ ጥርት ያለች፣ ምንም የሌለባት የምትመስል።

«መቲ! እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ?» አለ ኢፋ።

ያልተከፈተ የታሸገ ውኃ ከፍታ ከነጠርሙሱ ሰጠችው። እየጠጣ ሳለ የእግሩን ፋሻ አየች። ብረቱ የገባበት ቁስል ገና አልደረቀም። እነሱ ባልዲ ሲመረምሩ ሲንኩ ክፍት ሆኖ ያመሻል። ራት ይመጣል፤ አንድ ሰው ሾርባ ይደፋበታል።

ስምንቱንም ኩባያ ሰብስባ ሳፋ ውስጥ ከተተች።

«ወዴት ነው? ይዘንባል እኮ!» አለች ምኞት።

ኮሪደሩ እንደ ወንዝ ረጅም ነበር። መጨረሻው ላይ በስተግራ ወደ ግቢው ቧንቧ ይወጣል፤ በስተቀኝ ቢሮው ነው። ከኋላዋ የምኞት ነጠላ ጫማ ጥቂት ተራመደና ቆመ።

መቲ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ከውስጥ የአዴ ወርቅቱ ድምፅ ይሰማል። እጆቿ በሳፋው ስለተያዙ በሩን በክርኗ አንኳኳች።