አገሩን ያልለመደ እንጨት

ቁም ሳጥኑ የፈነዳው በሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ ልክ መምህሩ «ጸጥታ!» እንዳሉ ነበር።

ጧ!

እንዲህ ያለ ድምፅ መድፍም አሰምቶ አያውቅም። የመምህሩ ጠመኔ ከእጃቸው ዘሎ ኮርኒስ ነካ። ከፊት የተቀመጡት ሦስት ልጆች ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ከኋላ እንቅልፉን ይለጥጥ የነበረው ደግሞ ብድግ ብሎ «አቤት!» አለ፤ ማን እንደጠራው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ክፍሉ በሙሉ ወደ ጥጉ ዞረ። የአዲሱ የመጻሕፍት ቁም ሳጥን አንዱ በር ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ነበር። ያልዞረችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነች፤ በመጀመሪያው ቀን «ከየት መጣሽ?» ሲሏት «ጭጋጉ መንገድ ከማያሳይበት አገር» ብላ በመመለሷ «ጭጋጌ» የሚል ስም ወጥቶላታል። ጭጋጌ መዞር አላስፈለጋትም። ያንን እንጨት ከነድምፁ ታውቀዋለች።

አጠገቧ የምትቀመጠው «ሬዲዮ» የሚሏት ጓደኛዋ ነበረች። ሬዲዮ ሁለት ሰዓት ላይ የሰማችውን ወሬ ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ የጥበቃው ውሻ ሳይቀር ያውቀዋል። ያለ ባትሪ ነው የምትሠራው። ተነሥታ ስንጥቁ ውስጥ መጀመሪያ ማስመሪያዋን፣ ቀጥላ ደብተሯን ሰደደች።

«እዩት! ደብተሬን ዋጠው እኮ!» አለች። «ይኼን የሠራው ሰውዬ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነው እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሬዲዮ ወደ ጓደኛዋ ዞረች። «ጭጋጌ፣ አባትሽ አናጺ ነው አላልሽኝም? ይኼን ሰውዬ ያውቀው ይሆን?»

ቁም ሳጥኑ የመጣው ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ነው፤ ማን እንደሠራው ከተማሪ የሚያውቅ የለም። ጭጋጌ አፏን ስትከፍት «አባቴ ነው የሠራው» ልትል ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አያውቀውም» አለች።

* * *

የመጡበት አገር ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ለምርቃት ይጨምራል። እዚያ ልብስ የሚደርቀው ምድጃ ላይ ነው፤ ጫማ ለአንድ ሳምንት ከተረሳ እንጉዳይ ያበቅላል። አባቷ በዚያ ዝናብ ውስጥ አናጺ የነበረ ሰው ነው፤ አናጺ ብቻ ሳይሆን የአናጺዎች ንጉሥ። አንድ ዕቃ ሠርቶ ሲጨርስ መጋጠሚያው ላይ ወረቀት ይሞክርበታል። ወረቀቱ ከገባ ዕቃው ፈርሶ እንደገና ይሠራል። እሱ በሠራው መሳቢያ ውስጥ ዝንብ ልግባ ብትል መታወቂያ ትጠየቃለች ይባል ነበር።

የእናቷ ደረት ግን ያንን እርጥበት አልቻለም። ሳሏ የሦስት መንደር ውሾች ያስጮህ ነበር። በመጨረሻ ሐኪሙ አባቷን ወደ ጎን ወስዶ «ደረቅ አገር ውሰዳት» አለው። «እዚህ ከቆየች ሌላ ክረምት አትደግምም።»

በሁለት ወር ውስጥ ቤቱ ተሸጠ። ጓሮ የነበረው ዋንዛ ተቆረጠ። ጭጋጌ መራመድ የተማረችው ያንን ዋንዛ ተደግፋ ነው። አባቷ ሰንጥቆ ጣውላ አደረገውና ከአልጋና ከድስት ጋር ጭነት መኪና ላይ ጫነው።

እዚህ ከተማ ዝናብ የሚታወቀው በወሬ ነው። የታጠበ ልብስ ገመዱ ላይ ሳይደርስ ይደርቃል። ሰው ሲያለቅስ እንባው አገጩ ጋ አይደርስም፤ ጭጋጌ ደጋግማ ሞክራዋለች። እናቷ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳታስል ትተኛለች፤ ስለዚህ ማንም ምንም አይልም።

አባቷ የመጀመሪያውን ሥራ ያገኘው ከዚህ ትምህርት ቤት ነው። ዳይሬክተሩ «ቁም ሳጥኑ ካማረ፣ የሃያውንም ክፍል በር አንተ ትሠራለህ» አሉት። አባቷ ለዚህ ሥራ የገበያ እንጨት አልገዛም። ዋንዛውን አወጣ። ወረቀቱን ሲሞክር አልገባም። ጭጋጌም ትምህርት ሲጀመር ለቁም ሳጥኑ የሚቀርበውን ወንበር መረጠች፤ በሩ ሲከፈት የድሮው ጓሮ ይሸት ነበር። ሽታው በየሳምንቱ እየቀነሰ ሄደ። እንጨቱ እየደረቀ እንደሆነ ግን አልገባትም።

* * *

ከሰዓት በኋላ አባቷ ተጠርቶ መጣ። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቷል፤ ሽርጡ ላይ የመላጊያ ፍቅፋቂ ተጣብቋል። ጭጋጌ ከሬዲዮና ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። አባቷ አያት፤ እጁንም ለሰላምታ አነሣ።

«መጣ፣ መጣ! ደብተር የሚበላ ሳጥን የሚሠራው ሰውዬ!» አለች ሬዲዮ በሹክሹክታ። የሬዲዮ ሹክሹክታ ከሌላው ሰው ጩኸት አይተናነስም።

ጭጋጌ ጎንበስ ብላ የታሰረውን የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። እንደገና አሰረችው። እንደገና ፈታችው።

የአባቷ እጅ አየር ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ጆሮው ላይ ያለውን እርሳስ አስተካከለ። ለእርሳሱ የተነሣ እጅ ይመስል። እንደማያውቃት ሰው አጠገቧ አለፈ።

ማታ እራት ላይ ጭጋጌ ቁጣ ስትጠብቅ ቁጣ አልመጣም። አባቷ ሁለት ጊዜ ጎርሶ እጁን ታጠበ።

«ምን ነው አንተ? ዛሬ መላጊያህም አልተሰማ» አለችው እናቷ።

«እንጨቱ አታለለኝ። እኔ ነኝ እንጂ፣ እሱ ምን ያድርግ» አለ። «ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ የኖረ ዛፍ ነው። በእኛ አገር እንጨት ያብጣል እንጂ መች ይኮማተራል? ወረቀት አላስገባም ብዬ በኮላ ጠፍንጌ አሰርኩት። ደረቁ አየር ሲያገኘው ልኮማተር አለ፤ መላወሻ ነፈግኩት። ዓመት ቁጭ ብሎ አገሩን መልመድ ነበረበት። ቸኮልኩ።»

«በሮቹስ?»

«ሆድ ይፍጀው።»

እናቷ ደረቷ ላይ እጇን አደረገች። «በእኔ ጦስ» አለች ቀስ ብላ።

«ተይ እንጂ! አንቺ ተንፍሺልኝ፤ ሌላው ሥራ የእኔ ነው» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን ጣሪያ አልነካም፤ ድሮ ቢሆን ቆርቆሮ ያነሣ ነበር።

ጭጋጌ ሳህን ልታነሣ ስትል አባቷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠራት።

«የኔ ልጅ፣ ነገ ላበጀው እመጣለሁ። በኋላ በር ነው የምገባው። አታስቢ።»

ቢመታት ይሻላት ነበር። ሳህኑን አንድ ጊዜ መታጠብ ሲበቃው ዘጠኝ ጊዜ አጠበችው።

* * *

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ግቢው ተጨናነቀ። አባቷ እንዳለው በኋላ በር ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ዳይሬክተሩ ሥራውን ክፍል ውስጥ አልፈቀዱም። ቁም ሳጥኑ ግቢ ወጥቶ ከግድግዳው ጥላ ሥር ቆመ። ተማሪው ለማየት ከበበው።

«በሮቹን እንኳ ለሌላ ሰው ሰጥተናል» አሉት ዳይሬክተሩ ሁሉ እየሰማ። «ይኼን ግን አበጅተህ ሂድ።»

«ልክ ነዎት ጌታዬ» አለ አባቷ።

የተሰነጠቀውን በር አወለቀ። በዚያ በር ፈንታ የሚቆርጠውን፣ አሁን ግን በኮላ የማይጠፍንገውን ሌላ ጣውላ፣ የመጨረሻውን ዋንዛ፣ ወንበር ላይ አጋደመው። ጣውላው ከሱ ቁመት ይበልጣል። በግራ እጁና በጉልበቱ ተጭኖ መጋዙን ሲያስገባ ሌላኛው ጫፍ ተነሣ፤ ሊጫነው ዞር ሲል ደግሞ ጣውላው ተንሸራቶ ደፍ አለ።

«ኧረ ውሃ አጠጡት፣ ደክሞት ነው!» አለ አንዱ። ሳቁ አጥር ዘለለ።

አባቷ አነሣው። አጋደመው። እንደገና ደፍ። ጭጋጌ በአምስት ዓመቷ ነው ያንን ጫፍ መያዝ የጀመረችው። አባቷ መጋዝ ሲያነሣ ሁልጊዜ፣ ሳያያት፣ «ጫፉን!» ይላል፤ እሷም ከየትም ብትሆን ትሮጣለች። አሁን አፉን ከፈተ። የለመደው ቃል ከንፈሩ ላይ ሲመጣ ከሩቅ አየችው። መልሶ ዋጠው። ዓይኑን ወደ ተማሪው አላነሣም፤ ልፈልጋት እንኳ አላለም። ጣውላውን ለሦስተኛ ጊዜ ብቻውን አነሣ።

ጭጋጌ ከተቀመጠችበት ደረጃ ተነሣች።

«ወዴት ነው? ገና እኮ አልተደወለም!» አለች ሬዲዮ።

«አባቴ ብቻውን ነው።»

«ማን?» ሬዲዮ ወደ ሰውየው፣ ከዚያ ወደ እሷ አየች። «አያውቀውም አላልሽኝም እንዴ?»

«ዋሽቼሽ ነው።»

ሬዲዮ በሕይወት ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥርጭቷን አቋረጠች።

ከደረጃው እስከ ግድግዳው ሃያ እርምጃ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ሁለት አገር ያህል ራቀ። «ጭጋጌ! ጭጋጌ ምን ልታደርግ ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች። ልጆቹ መንገድ ለቀቁላት። ጆሮዋ ይነድዳል።

ጎንበስ ብላ ጫፉን ያዘች። የተቆረጠበት አፉ ላይ ሽታው ገና ትንሽ አለ፤ አፍንጫዋን ለሚያስጠጋ ብቻ።

አባቷ ቀና አላለም። መጋዙን በእርሳስ ያሰመረው መስመር ላይ አስቀመጠ።

«ከፍ» አላት።

ከፍ አደረገችው።